የኤሊ ገንዳ የውኃ ማሞቂያ መጠን እንዴት ይመረጣል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ለጆሮ ቀላል፣ ምናልባትም ከማኅበራችን የዘወትር ጉዳዮች የራቀ ሊመስል ይችላል። ከብትና በግ፣ ፈረስና በቅሎ፣ ዶሮና ግመል ሲያክሙ ለኖሩ ሐኪሞች፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለምትኖር አንዲት የውኃ ኤሊ ስንት ዋት ማሞቂያ ይበቃታል ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ ነው የሚል አይጠፋም። ሆኖም ከባልደረቦቻችን መካከል በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የቤት እንስሳትን የሚያክሙ አሉ፤ በእነዚሁ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው የሚያሳድጓቸውን እንስሳት ይዘው ወደ ሐኪም ይመጣሉ። ሐኪሙ ፊት የቀረበችው ኤሊ የታመመችው በተሕዋስያን ብቻ ላይሆን ይችላል። የሕመሟ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማሞቂያው ላይ በተጻፈው ቁጥርና ገንዳው በቆመበት ክፍል ቅዝቃዜ መካከል ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የመሣሪያ ግዢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምና ጉዳይ ነው። ላስረዳ የምፈልገውም አንድ ዋና ነገር ነው፤ የማሞቂያው መጠን የገንዳውን ትልቅነት ብቻ በማየት አይመረጥም። ማሞቂያው በአንድ በኩል እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ሌሊት የውኃውን ሙቀት ለመጠበቅ የሚችል፣ በሌላ በኩል ደግሞ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ቢሠራ ኤሊዋን የማይገድል መሆን ይኖርበታል። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች አንድ ላይ የሚያሟላ ምርጫ እንዴት እንደሚገኝ በቀላል ሒሳብ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እንስሳዋ ጥቂት ልበል። በቤት ውስጥ ከሚያድጉት የውኃ ኤሊዎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀችው፣ ከዓይኗ በስተኋላ ቀይ ሰረዝ ያላትና በሳይንሳዊ ስሟ ትራኬሚስ ስክሪፕታ ኤሌጋንስ የምትባለው ናት። የትውልድ ቦታዋ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚገኘው የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ከእንቁላል ስትወጣ ከሕፃን መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሴቷ ስታድግ ግን የጀርባዋ ቅርፊት 25 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በመልካም አያያዝም 30 ዓመት ያህል ትኖራለች። በአሜሪካ የቅርፊቷ ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆነች ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳትሸጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ከትናንሽ ኤሊዎች ወደ ሕፃናት የሚተላለፈው የሳልሞኔላ በሽታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ይህችን ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግዛቱ እንዳትገባ አገደ፤ በ2016ም ለአካባቢው ተፈጥሮ ጠንቅ ከሆኑ መጤ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገባት። ከዚያ በፊት በቤቱ የነበረችውን ኤሊ ባለቤቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ማቆየት ይችላል፤ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ መልቀቅ ግን በየትም አገር የማይመከር ነው። እንግዲህ የምንናገረው ለአንድ ክረምት ስለሚገዛ መጫወቻ ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት ስለሚያዝ እንስሳ መሆኑን እናስተውል።

ለባልደረቦቼ ማስረዳት ባያስፈልግም፣ ኤሊ እንደ ላምና እንደ ውሻ የራሷን ሙቀት በውስጧ አታመነጭም፤ ሙቀቷን የምትቀበለው ከአካባቢዋ ነው። ሲበርዳት ወደ ፀሐይ ትወጣለች፤ ሲሞቃት ወደ ውኃ ትገባለች። በዱር ሳለች ይህን የምታደርግበት ሰፊ ወንዝ አላት። በገንዳ ውስጥ ግን ያላት ምርጫ ባለቤቷ የሰጣት ብቻ ነው። ለአዋቂ ኤሊ ውኃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ገና ለተፈለፈለችና ለታመመችው ደግሞ ከ27 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። ውኃው ለረጅም ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል፤ የበላችው በደንብ አይፈጭላትም፤ ሰውነቷ በሽታን የሚከላከልበት ኃይልም ይደክማል። ከዚያ በኋላ የሚታየው በአፍንጫ የሚወጣ አረፋ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ነው፤ ይኸውም የሳንባ ምች ምልክት ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብንሰጣት እንኳ፣ መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ የሚሠራጨውና የሚወገደው እንደ ሙቀቷ መጠን ስለሆነ፣ ውኃው እንደቀዘቀዘ ከቀረ ሕክምናው የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልለፍ። በሱቅ የሚነገረው የተለመደ ደንብ «ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ዋት» የሚል ነው። አሜሪካኖች ውኃን በጋሎን ስለሚለኩ፣ ለአንድ ጋሎን ከ3 እስከ 5 ዋት ይላሉ፤ አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ያህል ስለሆነ ነገሩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ይህ ደንብ ለመነሻ ያህል መጥፎ አይደለም። ጉድለቱ ግን ሁለት ነገሮችን አለመናገሩ ነው፤ ክፍሉ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነና ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚያመልጥ አይገልጽም። ማሞቂያ ውኃውን አንድ ጊዜ አሙቆ የሚያርፍ መሣሪያ አይደለም። ዋናው ሥራው ውኃው ሌሊትና ቀን የሚያጣውን ሙቀት መተካት ነው። ስለዚህ የማሞቂያው መጠን ሊለካ የሚገባው ውኃው በሚያጣው ሙቀት ልክ ነው።

ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ የውኃው ጥልቀት 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። ውኃው 240 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚለካው ውኃው እንጂ ገንዳው አለመሆኑን አደራ እላለሁ፤ የኤሊ ገንዳ እንደ ዓሣ ገንዳ እስከ አፉ አይሞላምና። ውኃው 25 ዲግሪ እንዲሆን ይፈለጋል፤ የክፍሉ አየር በሌሊት 18 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱም 7 ዲግሪ ነው።

ሙቀቱ የሚያመልጠው በሦስት በኩል ነው። አንደኛው በአራቱ የመስታወት ግድግዳዎች ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መስታወት፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት በግምት 8 ዋት ያመልጣል። የግድግዳዎቹ ስፋት 1.36 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ወደ 76 ዋት ይሄዳል። ሁለተኛው በወለሉ በኩል ነው፤ ገንዳው በእንጨት ጠረጴዛና በስፖንጅ መሰል ንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ከ10 ዋት አይበልጥም። ሦስተኛውና ትልቁ በላይኛው ክፍት ገጽ በኩል ነው። በዚህ በኩል ውኃው ይተናል፤ ትነት ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የአየሩ እርጥበት መካከለኛ ቢሆን ከአንድ ካሬ ሜትር ክፍት ውኃ ወደ 190 ዋት ያመልጣል፤ ይህም ከእኩል ስፋት መስታወት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ገጹ 0.6 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ 114 ዋት ይሆናል። ሲደመር በድምሩ 200 ዋት ያህል እናገኛለን።

ይኸው ገንዳ ክፍሉ 22 ዲግሪ በሆነበት ቤት ቢቀመጥ የሚያጣው ሙቀት ወደ 120 ዋት ይወርዳል፤ 14 ዲግሪ በሆነበት ቤት ግን ወደ 275 ዋት ይወጣል። ገንዳው አንድ፣ ውኃውም አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ሦስት ነው። በተለመደው ደንብ መሠረት ግን ለሦስቱም 240 ዋት ይታዘዝ ነበር፤ ለሞቃቱ ቤት እጥፍ ያህል፣ ለቀዝቃዛው ቤት ደግሞ የማይበቃ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ማሞቂያ ከመግዛቱ በፊት ሊገዛው የሚገባው መሣሪያ ተራ ቴርሞሜትር ነው። ገንዳው ከሚቆምበት ስፍራ አስቀምጦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በተለይም ቅዝቃዜ በበረታበት ወራት፣ የክፍሉን ሙቀት ይመልከት። የሚፈለገው ቁጥር ያ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኝ ሌላም ጥቅም አለ። ትልቁ ሌባ ትነት መሆኑን ካወቅን፣ የገጹን ግማሽ በመስታወት ብንሸፍን ብቻ ከ200 ዋቱ ወደ 50 ዋት ያህል እናተርፋለን። ጠቅላላውን መዝጋት ግን አይገባም፤ ኤሊዋ ንጹሕ አየር ትፈልጋለች፤ ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ መደብና ከላዩ የሚበራ መብራትም ያስፈልጓታል። የመደቡ መብራትና የውኃው ማሞቂያ የሥራ ድርሻቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ትናንሽ ገንዳዎችን በሚመለከት ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። የአይጥ አካል ከግመል አካል ይልቅ ሙቀትን በፍጥነት እንደሚያጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለክብደቱ ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ብዙ ነውና። ገንዳም እንዲሁ ነው። 40 ሊትር ውኃ የያዘ ገንዳ በዚያው 18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ወደ 55 ዋት ያጣል፤ ይኸውም ለአንድ ሊትር 1.4 ዋት ገደማ ነው። ትልቁ ገንዳ ግን ለአንድ ሊትር የሚያጣው 0.8 ዋት ያህል ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልገው፣ መብራት ቢጠፋ ትንሹ ገንዳ በመጀመሪያው ሰዓት ከ1 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ትልቁ ግን 0.7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ 8 ሰዓት ቢቆይም ገና 21 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። በትንሹ ገንዳ የምትኖረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ይበልጥ የሚያስፈልጋት ገና የተፈለፈለችው ናት። በአንድ ሊትር አንድ ዋት የሚለው ደንብ የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ እርሷን ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቅዝቃዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ትልቁን ልግዛ፤ ቴርሞስታት ስላለው ሲበቃው ራሱ ያቆማል» ይላል። ነገሩ እውነት የሚሆነው ቴርሞስታቱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ነው። በማሞቂያው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ከዘመን ብዛት እንደተዘጋ ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ማሞቂያው ያለውን ኃይል ሁሉ ሳያቋርጥ ወደ ውኃው ይለቃል። ውኃው የሚቆመው የሚያጣው ሙቀት ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ሲተካከል ነው።

ያንኑ የ240 ሊትር ገንዳ በበጋ፣ ክፍሉ 26 ዲግሪ በሆነበት ቀን እናስበው። የተጣበቀው ማሞቂያ 150 ዋት ቢሆን ውኃው 30 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ይቆማል። 300 ዋት ቢሆን ወደ 35 ዲግሪ ይደርሳል። 500 ዋት ቢሆን 40 ዲግሪን ያልፋል። የመጀመሪያው ለጊዜው የማይመች ነው፤ ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ ሦስተኛው ሞት ነው። በዱር ያለች ኤሊ ከሞቀው ውኃ ወደ ጥልቁ ትጠልቃለች፤ በገንዳ ያለችው ግን ብትጠልቅም ብትወጣም የምታገኘው ሙቀት ነው፤ ከላይ ያለው መደብ ከውኃው የባሰ ሊሞቅ ይችላልና።

ታዲያ ሁለቱን አደጋዎች እንዴት እናስታርቃቸው? መፍትሔው አንዱን ማሞቂያ ለሁለት መክፈል ነው። በምሳሌአችን ገንዳው በ18 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 200 ዋት ያጣል። ለመጠባበቂያ ከሩብ እስከ ግማሽ ቢጨመርበት ከ250 እስከ 300 ዋት ይሆናል። አንድ ባለ 300 ዋት ከመግዛት ይልቅ ሁለት ባለ 150 ዋት ገዝቶ፣ በገንዳው ሁለት ጫፎች ማስቀመጥ ይሻላል። በክረምት አንዱ ቢቃጠልና ቢቆም፣ የቀረው ብቻውን ውኃውን ወደ 23 ዲግሪ ይጠብቀዋል። በበጋ አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ውኃው ከ30 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። በሁለቱም አቅጣጫ ባለቤቱ ቴርሞሜትሩን አይቶ ጉድለቱን ለማረም ጊዜ ያገኛል። አንድ ባለ 300 ዋት ብቻ ቢኖር ግን፣ ቢቆም ውኃው እንደ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ቢጣበቅ ወደ 35 ዲግሪ ይሄዳል። ከዚህም በላይ መጠንቀቅ የሚፈልግ ሰው ሙቀቱ ከተወሰነው ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ሌላ ቴርሞስታት ከገንዳው ውጭ ይጨምራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ነው።

ቀጥዬ የማነሣው በአገር ቤት ላለን በተለይ የሚጠቅም ነው። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ በአገራችን 220፣ በአውሮፓና በእስራኤል 230 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣው ያመጣው ባለ 150 ዋት ማሞቂያ በአዲስ አበባ ሶኬት ላይ ቢሰካ ኃይሉ በቮልቱ ዕጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚጨምር ወደ 500 ዋት ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሽቦው ይቃጠላል ወይም መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ ሳይቃጠል ከቆየም ውኃውን እንደ ድስት ያፈላዋል ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወይም ከአውሮፓ ወደ ዋሽንግተን የተወሰደ ባለ 220 ቮልት 150 ዋት ማሞቂያ በ120 ቮልት የሚሰጠው 45 ዋት ያህል ብቻ ነው። መብራቱ ይበራል፤ ባለቤቱም ሠራ ብሎ ያምናል፤ ኤሊዋ ግን ትበርዳለች። ስለዚህ በማሞቂያው ላይ ከዋቱ ጎን የተጻፈውን ቮልት ማንበብ የመጠን ምርጫው አንድ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድና ቤቶቻችንም በአብዛኛው የክፍል ማሞቂያ እንደሌላቸው ስናስብ፣ የክፍሉን ሙቀት ጎህ ሲቀድ መለካት እዚህም ችላ የሚባል አይደለም።

መጠኑ በትክክል ከተመረጠ በኋላም አቀማመጡ ሥራውን ሊያበላሸው ይችላል። ማሞቂያው ውኃ ከሚዘዋወርበት፣ ማለትም ከማጣሪያው መውጫ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከማሞቂያው ራቅ ካለው ጫፍ ይሁን። ኤሊ ጠንካራ ቅርፊት ያላት እንስሳ ስለሆነች የመስታወት ማሞቂያን ገፍታ ትሰብራለች፤ ስለዚህ የፕላስቲክ መከለያ ያስፈልገዋል፤ ወይም ከብረት የተሠራ ይመረጥ። ውኃ ሲቀየር አስቀድሞ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ለሩብ ሰዓት ያህልም በውኃው ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ፤ ጋለ እያለ ከውኃ የወጣ መስታወት መልሶ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃልና። የኤሌክትሪክ መስመሩም ኃይል ወደ ውኃ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑረው፤ ይህ ለኤሊዋ ብቻ ሳይሆን እጁን ወደ ገንዳው ለሚሰደው ልጅ ጭምር ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

የታመመች ኤሊ ስትቀርብልን ከመርፌው በፊት አራት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። ውኃው ስንት ሊትር ነው? የማሞቂያው ዋትና ቮልት ስንት ነው? ክፍሉ ጎህ ሲቀድ ስንት ዲግሪ ነው? ውኃውስ በዚያው ሰዓት ስንት ዲግሪ ነው? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ያለው ባለቤት ግማሹን ምርመራ ይዞልን መጥቷል። መልስ የሌለውን ደግሞ ሳንነቅፍ፣ ቴርሞሜትር ገዝቶ ለሦስት ጠዋት መዝግቦ እንዲመጣ ብንነግረው፣ ከምንሰጠው መድኃኒት ያላነሰ ጥቅም ይሰጠዋል፤ የኤሊዋ ሁኔታ አስቸኳይ ከሆነ ግን እስከዚያው በሙቅ ስፍራ ሆና ሕክምናዋን ትጀምራለች።

ሙያችን ስለ እንስሳው ሆኖ መናገር ነው። ላም ስትታመም ትጮኻለች፤ ውሻ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። ኤሊ ግን ስትበርድ ዝም ትላለች፤ ሲሞቃትም ዝም ትላለች። ዝምታዋ ደህንነት መስሎ ለብዙ ሳምንታት ባለቤቷን ሊያታልለው ይችላል። ስለ እርሷ የሚናገሩት ቴርሞሜትሩና በማሞቂያው ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ እነዚህን ማንበብ ለባለቤቶች ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።